ንባብ ከመሐል ይታያል

ባለፈው ሳምንት እኛ አስተማሪዎች ወደ እህል በረንዳ ሄደን ነበር። እህል በረንዳ በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ያለ የእህል ገበያ ነው። ገበሬው ያመረተው ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ ከየአገሩ በመኪና ተጭኖ ይገባል። ተሸካሚዎች ጆንያ በጀርባቸው አዝለው "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያሉ ያልፋሉ።

በገበያው የሚነበብ ነገር ሞልቷል። በየጆንያው ላይ "ማኛ"፣ "ሰርገኛ"፣ "ቀይ" የሚል ካርቶን ተሰክቷል። ዋጋውም ተጽፎበታል።

አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ጤፍ ሊገዙ መጡ። ልጁ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። "ልጄ ጎበዝ ነው፤ ፊደሉን በቃሉ ይወጣዋል" አሉን። እውነትም ከ"ሀ" ጀምሮ ሳያቋርጥ አነበነበው። "ሰርገኛ" የሚለውን ስናሳየው ግን ዝም አለ። "ሰ"ን ለማግኘት ከ"ሀ" ጀምሮ በሹክሹክታ መቁጠር ያዘ። እናትየው ደነገጡ።

"እናቴ፣ አይደንግጡ። የእርስዎ ልጅ ብቻ አይደለም" አልናቸው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። 33ቱ ሆሄያት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ እንደ ዘፈን መውጣት ማንበብ አይደለም።

ነጋዴው ይህን ሰምተው ካርቶኑን ነቀሉና "በል የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለህ" አሉት። ልጁ "ሰ... ር... ገ... ኛ" አለ። ከዚያም "ሰርገኛ! ቤታችን ያለው ጤፍ!" ብሎ ሳቀ። ወዲያው "ማኛ" ወደሚለው ሮጠ።

ታዲያ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ ይገዛል? አይገዛም። እጁን ወደ ጆንያው ከትቶ፣ ከመሐል ዘግኖ ያያል። የልጅም ንባብ እንዲሁ ነው። ፊደሉን ከመሐል እየነካችሁ "ይህ ማነው?" በሉት። ካነበበ በኋላም "ምን ይላል?" ብላችሁ ጠይቁት።

ሆኖም ፊደል ብቻውን አይበቃም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ፊደል ቆጥሮ ነበር። የሚያነበው ያጣው ግን ኋላ ረሳው። ልጅም የፈተና መጽሐፍ ብቻ ከተሰጠው ንባብ ይሰለቸዋል። የሚያስቀው፣ የሚያጓጓው ተረት ያስፈልገዋል። ለዚህ ሲሉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም በሐዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች ተወሰዱ። አህያ የምታጓጉዘው እህል ብቻ አይደለም ማለት ነው!

በአካባቢያችሁ መጽሐፍ ከሌለስ? አያት ተረት ይንገሩ፤ እናንተ ጻፉት፤ ልጁ ያንብብ። ስታነቡ አብራችሁ አንብቡ። ሲሳሳት አትቆጡት። ዛሬ ማታ ይህችን ወረቀት ስጡትና ከመሐሏ አስጀምሩት።