ያዙኝ ልቀቁኝ በሚኒያፖሊስ

ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ድሮ ሌክ ካልሁን ይባል በነበረውና ዛሬ ብዴ ማካ ስካ ተብሎ በሚጠራው ሐይቅ ዳር፣ ካልሁን ቢች ሆቴል ይባል የነበረ ረጅም የጡብ ሕንፃ አለ። በ1960ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቻናል 11 ቴሌቪዥን ስቱዲዮ የነበረው እዚያ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ሪንግ ይተከላል፤ ዙሪያውን ጥቂት ተመልካች ይቀመጣል፤ «ኦል ስታር ሬስሊንግ» ይቀረጻል። ፕሮግራሙ ጣቢያና ስቱዲዮ እየለዋወጠ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዘለቀ። ባለቤቱ በ1960 የተመሠረተው አሜሪካን ሬስሊንግ አሶሲዬሽን ነበር፤ የድርጅቱ ዋና ሰው ደግሞ ቨርን ጋኛ የሚባል የሚኒሶታ ተወላጅ።

በአማርኛ «ታጋይ» የሚለው ቃል ሌላ ሸክም ስላለበት እነዚህን ሰዎች «ሬስለር» ማለት ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በቪዲዮ ቤት ያደገ አንባቢ ቃሉን ያውቀዋል፤ ቃሉ ይዞት የሚመጣውን ክርክርም ያውቀዋል። «የምር ነው ወይስ የውሸት?» ከሚለው ጥያቄ ያመለጠ ልጅ የለም። አንዱ ደሙን አይቻለሁ ብሎ ይምላል፤ ሌላው ጡጫው እንዳላረፈ በዓይኑ እንዳየ ይማላል። «አክተር አይሞትም» በሚለው የሰፈር ሕግ ፊልሙን በሰላም የሚያይ ልጅ ሬስሊንግ ላይ ሲደርስ ግን ምስክር ይጠራል።

ፕሮግራሙን እንደ ስፖርት ለሚገመግም ሰው የሚያዘው ነገር ጥቂት ነው። አብዛኛው ግጥሚያ ስመ ጥር ሬስለር ስሙን ማንም ከማያስታውሰው ሰው ጋር የሚያደርገው ነው። ሦስት አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ ስመ ጥሩ ያሸንፋል። የታላላቆቹ ፍልሚያ በነፃ አይታይም። ለዚያ ትኬት ይገዛል፤ ሚኒያፖሊስ አውዲቶሪየም፣ ሴንት ፖል ሲቪክ ሴንተር፣ ሚልዋኪ፣ ቺካጎ፣ ኦማሃ፣ ዴንቨር፣ ካናዳ ድረስ ዊኒፔግ። የቴሌቪዥኑ ሰዓት ለዚያ ቀን የሚነገር አዋጅ ነበር። ስለዚህ የፕሮግራሙ እምብርት ያለው ከሪንጉ ውጪ፣ ቃለ ምልልሱ ላይ ነው።

አንድ አጭር፣ ሽማግሌ ጋዜጠኛ፣ ማርቲ ኦኒል፣ ማይክራፎን ይዞ ይቆማል። በኋለኞቹ ዓመታት ቦታውን ጂን ኦከርለንድ ወረሰ። ከጎኑ መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝን ሰው መጥቶ ካሜራውን አፍጥጦ ያያል፤ ከዚያ ይጀምራል። የባላጋራውን ስም ይጠራል፤ የትኛውን አጥንት እንደሚሰብር ይዘረዝራል፤ ቀኑንና ከተማውን ይናገራል። ያዙኝ ልቀቁኝ ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ዘውግ ለማወቅ እንግሊዝኛውን እንኳ መስማት አያስፈልገውም፤ ፉከራ ነው። «ዘራፍ!» ብቻ ነው የጎደለው።

ዝምድናው ስም ላይም ይታያል። ፎካሪ በተጠመቀበት ስም አይፎክርም፤ የፈረስ ስም አለው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። ሞሪስ ቫሾን በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ ለካናዳ የታገለ እውነተኛ ስፖርተኛ ነበር፤ ቻናል 11 ላይ ግን «እብድ ውሻ» ነው፤ ጥርሱን እያፋጨ፣ በሻከረ ድምፅ እየጮኸ ይመጣል። ሬጂ ሊሶውስኪ የሚልዋኪ ሰው ነው፤ ቢራ በርሜል ተሸክሞ የሚሮጥ «ክረሸር» ሆነ፤ ጨፍላቂው። ጂም ራሽኪ የኔብራስካ ልጅ፣ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ፣ በ1963 የዓለም ሻምፒዮና ለአሜሪካ ነሐስ ያመጣ ሰው ነው፤ መድረኩ ላይ ወደ «ባሮን ፎን ራሽኪ» ተለውጦ ከጀርመን የመጣ ጨካኝ መኮንን ሆነ። ከዓለም ጦርነቱ የተመለሱ አባቶች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሰደቡት። እሱም ስድቡን እንደ ደመወዝ ተቀበለ።

ልዩነቱስ? ጥንት ንጉሥ ፊት የሚፎክር ሰው ያደረገውን ነበር የሚናገር፤ ከዋሸ የሚያጋልጠው ጓደኛው አጠገቡ ቆሟል። የሚኒያፖሊሱ ፎካሪ ግን ገና የሚያደርገውን ነው የሚናገረው፤ መጨረሻውም አስቀድሞ ተወስኗል። ከዚያ በላይ፣ ያው ሬስለር በአንድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ቁጣ ለዴንቨር፣ ለኦማሃ፣ ለዊኒፔግ እየደጋገመ ይቀረጽ ነበር፤ የሚለወጠው የከተማው፣ የቀኑና የባላጋራው ስም ነው። አዝማሪ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ ስም እየለወጠ እንደሚያወድሰው ማለት ነው። ሆኖም ዛሬ ሴንት ፖል ውስጥ በሠርግ አዳራሽ፣ በኪራይ ሱፍ ላይ ካባ ደርቦ የሚፎክረውን ሚዜ «ማንን ገደልክ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ አንዳንዱ ጠጉሩ ይቆማል። ፉከራው ከጦር ሜዳው ርቆም ሥራውን ይሠራል። ታዲያ ከሬስለሩ ብቻ የገዳይ ማስረጃ መጠየቅ ለምን?

ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎጂ» በተሰኘው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ድርሰት የሰጠው ለዚሁ ጉዳይ ነው። ለባርት ሬስሊንግ ትርኢት ነው እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ተመልካቹም ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቅ አይታወቅ አይገደውም። የሚፈልገው ሥቃይን፣ ሽንፈትንና ፍትሕን በግልጽ ማየት ነው። ክፉው ሲገባ ገላው ራሱ ክፋቱን ይናገራል፤ ሲቀጣ ሒሳቡ ይዘጋል። ምንም የሚደበቅ ነገር የለም። ይህ ንባብ ለፓሪስ አዳራሽ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ በአንድ ምሽት ቁጣውንም ፍርዱንም ጨርሶ ይወጣል።

የሳምንታዊው ቴሌቪዥን ሕግ ግን ሌላ ነው። እዚህ ፍርዱ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀጠራል። ክፉው ሊመታ ሲል ጓደኛው ደርሶ ያስጥለዋል፤ ዳኛው ዞር ባለበት ሰዓት ወንበር ይነሣል፤ ደወል ይደወላል፤ ሰዓት ያልቃል። የባርት ተመልካች ጠግቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የቻናል 11 ተመልካች ተርቦ ይቀራል፤ መራቡም የንግዱ መሠረት ነው። የተረት ጥበብ ያለው መከልከል ላይ ነው ማለት ይቻላል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ፍትሕን ለስንት ሳምንት ማዘግየት ይቻላል?

ይህን ጥያቄ በተለየ መንገድ መመለስ የነበረበት ጋኛ ነበር። ሰውየው የምር ትግል ያውቅ ነበር። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪነቱ በ1948 እና በ1949 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል፤ ለ1948ቱ ኦሎምፒክም ተጠባባቂ ነበር። በ1950ዎቹ ከቺካጎ በሚተላለፍ ፕሮግራም በመላ አሜሪካ ታወቀ። ለእሱ ሬስሊንግ ምንም ቢቀነባበር ሥሩ ያዝና ጣል የሚያውቅ ሰው ላይ መሆን ነበረበት። ቻንሃሰን አካባቢ በነበረው እርሻው፣ ማሞቂያ በሌለው ጎተራ ውስጥ፣ በሚኒሶታ ክረምት ጀማሪዎችን አሠለጠነ። በ1972 ከወሰዳቸው መካከል በኋላ ዓለም ያወቀው ሪክ ፍሌርና ኢራናዊው ኾስሮው ቫዚሪ፣ ማለትም «አይረን ሼክ»፣ ይገኙበታል።

ችግሩ ሰውየው አለቃም ሻምፒዮንም መሆኑ ነው። ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ። ከ1968 እስከ 1975 ለሰባት ዓመት ቀበቶውን ሳይለቅ ያዘ፤ በ1980 በ54 ዓመቱ እንደገና ወሰደው፤ በ1981 ሳይሸነፍ ጡረታ ወጣ። ወንበሩን ለመልቀቅ ጊዜው መድረሱን መጨረሻ ላይ የሚያውቀው የተቀመጠበት ሰው መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሚያዝያ 1983 (በእነሱ ኤፕሪል 24) ሴንት ፖል ሲቪክ ሴንተር ሞላ። ሻምፒዮኑ ኒክ ቦክዊንክል ነው፤ አንደበተ ርቱዕ፣ ሱፍ ለባሽ፣ ሲሰድብ እንኳ መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው ክፉ። ተጋጣሚው ሀልክ ሆጋን። ሆጋን ቦክዊንክልን ያዘው፤ ዳኛው ሦስት ቆጠረ፤ አዳራሹ ፈነዳ። ለዓመታት የተቀጠረው ፍርድ ደረሰ ተባለ። ከዚያ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ተብሎ የሚታወቀው ስታንሊ ብላክበርን ብቅ አለ፤ ሆጋን ቀደም ብሎ ቦክዊንክልን ከላይኛው ገመድ በላይ ወርውሮታልና ውጤቱ ተሽሯል አለ። ሕዝቡ ጮኸ። ጩኸቱ ግን የድሮው ዓይነት፣ ክፉውን የሚረግም የደስታ ጩኸት አልነበረም። የተቆጣው በተራኪው ላይ ነበር። ተመልካች በገጸ ባሕርይው ሲናደድ ታሪኩ ይሠራል፤ በደራሲው ሲናደድ ግን መጽሐፉን ይዘጋል።

በዓመቱ መጨረሻ ሆጋን ወደ ኒው ዮርኩ የቪንስ ማክማን ድርጅት ሄደ። በጃንዋሪ 1984 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ያሸነፈው ሰው ከጋኛ ጎተራ የወጣው አይረን ሼክ ነበር። ጂን ኦከርለንድ ተከተለ፤ የሚኒያፖሊሱ ልጅ ጄሲ ቬንቹራም ሄደ። ማክማን ፕሮግራሙን በየከተማው ጣቢያዎች ላይ ጊዜ እየገዛ አሰራጨ፤ ከዚህ በፊት ሁሉም በየክልሉ የሚሠራበት ያልተጻፈ ስምምነት ፈረሰ። ጋኛ ከ1985 ጀምሮ በኬብል ጣቢያው ኢ ኤስ ፒ ኤን ቢተላለፍም አልሆነለትም። በ1989 የፕሮግራሙ ግጥሚያዎች ያለ አንድ ተመልካች በባዶ ስቱዲዮ መቀረጽ ጀመሩ። ከእነዚያ አንዱ ለምስጋና ቀን በእንጨት ጫፍ ላይ ለተሰቀለ ጥሬ ተርኪ የተደረገ ፍልሚያ ነው። ዛሬ ሰው የሚስቅበት ቀረጻ ነው፤ ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን የሚያስፈራው ተርኪው ሳይሆን ዝምታው ነው። ፉከራ ተቀባይ ከሌለው ለብቻ እንደሚናገር ሰው ያደርጋል። ድርጅቱ በ1991 ፈረሰ።

ፉከራው ግን ሌላ መድረክ አገኘ። በ1998 ጄሲ ቬንቹራ የሴንት ፖሉን ከንቲባና የታላቁን የሃምፍሪ ቤተሰብ ልጅ አሸንፎ የሚኒሶታ ገዢ ሆኖ ተመረጠ። በእነዚያ ዓመታት ከኬንያ የስደተኛ ካምፕ ወይም በዲቪ ወደ መንትዮቹ ከተሞች የገቡ ኢትዮጵያውያን የተቀበላቸው መንግሥት ራስ፣ ልጅ ሳሉ «የምር ነው የውሸት?» ብለው የተከራከሩበት ሙያ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ካሜራ አፍጥጦ እያዩ ባላጋራን በስም የመጥራት ችሎታ ምን ያህል ርቆ እንደሚወስድ ከዚያ ወዲህ ዓለም በደንብ አይቷል።

ጋኛ በእርጅናው የመርሳት ሕመም ያዘው። በ2009 መጀመሪያ፣ 82 ዓመቱ ሳለ፣ ብሉሚንግተን ውስጥ በሚኖርበት የእንክብካቤ ቤት አብሮት የሚኖረውን የ97 ዓመት አዛውንት ጣለ። የአዛውንቱ ዳሌ ተሰበረ፤ በሳምንታት ውስጥ ሞቱ። መርማሪ ሐኪሙ ሞቱ በሰው እጅ የደረሰ ነው አለ፤ አቃቤ ሕግ ግን ጋኛ የሚያደርገውን የሚያውቅበት አእምሮ እንደሌለው ተመልክቶ አልከሰሰም። ጋኛ በ2015 በ89 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ለማሳዘን ብቻ መጥቀስ ተገቢ አይሆንም። የዕድሜ ልክ ጥያቄውን የሚገለብጥ ነገር አለበት። ሬስሊንግ «የውሸት» የሚባለው ሁለቱ ሰዎች ስለሚስማሙ ነው። ስምምነቱ ግን በዋናነት ማን ያሸንፍ የሚል አይደለም፤ አንዱ የሌላውን አንገት፣ ጀርባ፣ ጉልበት አደራ መቀበሉ ነው። የሚወረወረው ሰው ገላውን ይሰጣል፤ የሚወረውረው በጤናው ይመልሰዋል፤ በማግሥቱ ኦማሃ ላይ ሥራ አለ። ጎተራው ውስጥ ለወራት የሚጠናው አንዱ ትልቅ ነገር አወዳደቅ ነው። ጉልበቱና ልማዱ የምር ነበሩ፤ ከላያቸው የተደረበው «ውሸት» ሰው እንዳይሞት የሚጠብቅ ጥንቃቄ ነበር። እንክብካቤ ቤቱ ውስጥ በዚያ ቀን የጠፋው ያ ጥንቃቄ ነው ማለት ይቻላል።

የድሮዎቹ ቀረጻዎች ዛሬ በኢንተርኔት ይገኛሉ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፃቸው የሚሰነጣጠቅ። ሴንት ፖል ሲቪክ ሴንተር በ1998 ፈርሷል። የሚያይ ሰው ቢኖር ከፉከራው ቀጥሎ የጣዩን እጅ ይመልከት። «እብድ ውሻው» ሰውን ከትከሻው ላይ አንሥቶ ሲያፈርጠው፣ ፊቱ በቁጣ ተጣሞ፣ አዳራሹ እየጮኸበት፣ አንዱ መዳፉ ቀድሞ ወርዶ ከወዳቂው ማጅራት ሥር ይገባል።