ወግዲ ሲሄዱ ተልባውን አይለፉት

በመስከረም ማብቂያ ከደሴ ወደ ምዕራብ ተጉዘው በመካነ ሰላም በኩል ወግዲ ቢዘልቁ፣ ዓይንዎን ቀድሞ የሚይዘው የዓባይ ሸለቆ ነው። ወረዳዋን ከምሥራቅ ጎጃም የሚለያትም ይኸው ወንዝ ነው። ወቅቱ በክልሉ ወይና ደጋ ኑግ በቢጫ፣ በደጋው ተልባ በሰማያዊ አበባ የሚያጌጡበት ነው። ፎቶ ካነሱ በኋላ ግን ወደ ማጀቱም ጎራ ይበሉ።

በጾም ቀን ከደረሱ የተልባ ፍትፍት ሊቀርብልዎ ይችላል፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ በውሃ የተበጠበጠ። ከተልባ ቅባት ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ-3 ነው። ከኑግ ዘይት ደግሞ ከሦስት ሁለት እጁ በላይ ኦሜጋ-6 ነው። ሰውነታችን ሁለቱንም መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት።

ቅባት የካርቦን ሰንሰለት ነው። በቅቤና በፓልም ዘይት በብዛት ያለው ሳቹሬትድ ቅባት ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ቀጥ ያለ ማገዶ ተጠጋግቶ ስለሚደረደር ይረጋል። የኦሜጋ-6 ሰንሰለት ሁለት፣ የተልባው ኦሜጋ-3 ደግሞ ሦስት ቦታ ላይ ድርብ ማያያዣ ስላላቸው ይጎብጣሉ። ጠማማ እንጨት ደግሞ አይደረደርም፤ ስለዚህ ዘይቱ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ፖሊአንሳቹሬትድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ሳቹሬትድ ቅባት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ በምትኩ ፖሊአንሳቹሬትድ ስንጠቀም ኮሌስትሮሉ ዝቅ ይላል፣ የልብ ሕመም ስጋትም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ቅባት ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ቁም ነገሩ መተካት ነው፤ በቅቤ የራሰ ወጥ በልቶ ተልባ መጠጣት ብቻውን ብዙም አይረዳም።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና አንድ ነገር ልንገርዎ። ጠርሙስ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ውሸት አይደለም፤ ግን የዕፅዋት ዘይት ሁሉ፣ ፓልሙም ጭምር፣ እንደዚያው ነው። ከፓልም ቅባት ግማሽ ያህሉ ግን ሳቹሬትድ ነው። ስለዚህ የፊቱን መፈክር ትተው የጀርባውን ሰንጠረዥ ያንብቡ።

ሲመለሱ ተልባ ከገበያ ይሸምቱ፤ ዱቄቱን ሳይሆን ፍሬውን። እነዚያ ድርብ ማያያዣዎች ከአየር፣ ከብርሃንና ከሙቀት ጋር ሲገናኙ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ሽታውም ይለወጣል። ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃዎትን ብቻ ወቅጠው፣ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ለአባትዎ እጅ መንሻም ከዚህ የተሻለ ከወግዲ አያጡም ይሆናል፤ የሐኪሙን መድኃኒት ግን አይተካም።