በ87 የተካፈለ ሐዲድ

ሃምቡርግ፣ የመጋዘኖቹ ሰፈር

ስፓይኸርሽታት የሚባለው ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ቀይ ጡብ ነው። ከ1883 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በረግረግ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ተገነባ። በመጋዘኖቹ መካከል የሚያልፈው ውሃ ነው፤ ቡናው፣ ሻዩ፣ ቅመሙና ምንጣፉ በጀልባ እየመጣ ወደየፎቁ በገመድ ይሳብ ነበር። ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔን እዚህ ያመጣኝ ግን ከመጋዘኖቹ በአንዱ ውስጥ የሚገኘው የዓለማችን ትልቁ የሞዴል ባቡር፣ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ነው።

የሥራው ጠንሳሽ ፍሬደሪክ ብራውን ነው። በ2000 ዙሪክ ውስጥ አንድ የሞዴል ባቡር ሱቅ ሲገባ የልጅነት ፍቅሩ ተቀሰቀሰበትና መንታ ወንድሙ ጌሪት ጋ ደወለ። የዓለምን ትልቁን እንሥራ አለው። ሁለቱ ያኔ የሚተዳደሩት ሃምቡርግ ውስጥ በከፈቱት የምሽት ጭፈራ ቤት ነበር። በኦገስት 2001 በሩ ለጎብኚ ተከፈተ፤ ግንባታው ግን እስከ ዛሬ አላቆመም። ጣሊያን በ2016 ተጨመረች፣ ቬኒስ በ2018፣ ሪዮ ዴ ጃኔሮ በ2021። ቤቱ ሲጠብባቸው በውሃው ላይ ድልድይ ዘርግተው ማዶ ወዳለው መጋዘን ተሻገሩ።

ሁሉም ነገር እውነተኛው መጠኑ ለ87 ተካፍሎ የተሠራ ነው። 1 ሜትር ከ74 የሚረዝም ሰው እዚህ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ልኬት በሞዴል ባቡር ሰዎች ዘንድ ሃ-ዜሮ ይባላል፤ በዓለም ላይ የተስፋፋውም እሱ ነው። በእውነተኛው ዓለም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው መደበኛ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ አገራችን የሚወስደኝ እሱ ነው።

የስዊዘርላንድ ተራራ ከአንዱ ፎቅ ተነሥቶ የላይኛውን ፎቅ ጥሶ ይወጣል፤ ቁመቱ 6 ሜትር ይጠጋል። በስካንዲኔቪያ በኩል ባሕሩ እውነተኛ ውሃ ነው፣ 30,000 ሊትር፤ መርከቦቹም በላዩ ይንሳፈፋሉ። በየ15 ደቂቃው ቀኑ ይመሻል። የአዳራሹ መብራት ቀስ እያለ ሰማያዊ ይሆንና የየቤቱ መስኮት፣ የየመንገዱ አምፖል አንድ በአንድ ይበራል። ሰው ሁሉ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይጋፋል፤ አውሮፕላኖቹ ተንደርድረው ሲነሡና ተመልሰው ሲያርፉ ማየት በእውነትም ያስደንቃል። እኔ ከዚያ ይልቅ አንድ የጭነት ባቡር ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ያየሁበት ቦታ ላይ ተተከልኩ።

የቆመበት ምክንያት ነበረው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሏል፤ በአንዱ ክፍል ውስጥ ባቡር ካለ ኮምፒውተሩ ሌላውን አያስገባም። ከፊት ያለው የመንገደኛ ባቡር ጣቢያውን ለቆ እስኪወጣ የጭነቱ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሣል። ትላልቆቹ ባቡሮች እንዳይጋጩ የሚጠበቁትም በዚሁ ሕግ ነው። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ባቡሮች በዚህ ሥርዓት ሲንቀሳቀሱ ያየ ሰው የልጅ መጫወቻ ነው ብሎ አያልፈውም። ባቡርን አሳንሶ ለመሥራት መጀመሪያ ትልቁን ባቡር ማወቅ የግድ ነው፦ መቼ እንደሚቆም፣ ለምን እንደሚቆም፣ ሐዲዱ የት እንደሚታጠፍ፣ የትኛው ፉርጎ ከየትኛው ጋር እንደሚቀጠል። የዚህን ሥራ ክብር የማየው እዚያ ላይ ነው።

ተሽከርካሪዎቹም በመንገዱ ላይ ይሄዳሉ። ከአስፋልቱ ሥር ቀጭን ሽቦ ተቀብሯል፤ በመኪናው የፊት እግር ላይ ያለችው ትንሽ ማግኔት ሽቦውን እየተከተለች መሪውን ታዞራለች። ክኑፊንገን የምትባለው፣ በዓለም ካርታ ላይ የሌለች ከተማ፣ እሳት ተነሣ ሲባል የእሳት አደጋ መኪኖቿ ከየጣቢያቸው ተንጋግተው ይወጣሉ። አጠገቤ የቆመች ሕፃን አባቷን ጎትታ አብራ ሮጠች።

አመሻሽ ላይ በአንድ ጥግ ተቀምጬ ሒሳብ ሠራሁ። እዚህ ቤት ውስጥ የተዘረጋው ሐዲድ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው የድሮው ምድር ባቡራችን 784 ኪሎ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከለገሃር እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው መስመር አንዲት ሜትር ሳይቀነስለት እዚህ መጋዘን ውስጥ ይገባል፤ ለየጣቢያው ቅርንጫፍ ሐዲድ የሚሆን 7 ኪሎ ሜትርም ይተርፋል። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ቁጥር ነው።

በባቡር ወደ ደቡብ

ከሃምቡርግ ሽቱትጋርት የቀኑን እኩሌታ የሚፈጅ መንገድ ነው። ከዚያ የክልሉን ባቡር ይዤ በፊልስ ወንዝ ሸለቆ ወደ ጎፒንገን ሄድኩ። የመንገዱ ሰማይ ደመና ነበር፤ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከቁጥር በቀር የተጻፈ የለም።

ጎፒንገን

ይህች ከተማ ለሞዴል ባቡር ሰው ቤተልሔም ናት። ቴዎዶር ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ሜርክሊን የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ በ1859 የአሻንጉሊት ቤት የማእድ ቤት ዕቃ መሥራት ጀመረ። እሱ ከሞተ በኋላ ድርጅቱን ያቆየችው ሚስቱ ካሮሊን ናት። ነገሩን የለወጡት ግን ልጆቻቸው ናቸው። በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ የተዘረጋ ሐዲድና በላዩ የሚሄድ ባቡር ይዘው ቀረቡ። አዲሱ ነገር ሐዲዱ እየተቀጠለ የሚያድግ መሆኑ ነበር። ዘንድሮ ክቡን የገዛ ልጅ ለከርሞ የሐዲድ መቀየሪያውን፣ ከዚያ ጣቢያውን ይጨምራል። የሐዲዱን ስፋትም በመደብ በመደብ ለዩት። የትርፍ ጊዜ ሥራው የቆመው በዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ተጠናቀቀ ተብሎ የሚዘጋ አይደለም፣ ዕድሜ ልክ ይቀጠላል።

የድርጅቱ ሙዚየም ውስጥ በእጅ ቀለም የተቀቡ የቆርቆሮ ጣቢያዎች አሉ። የጥንቶቹ ባቡሮች ግዙፍ ስለነበሩ ሰፊ ሳሎን ላለው ሰው ብቻ የሚሆኑ ነበሩ። በ1935 መጠኑን ወደ ግማሽ አወረዱትና የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ሆነ፤ የዛሬው ሃ-ዜሮ ከዚያ የመጣ ነው። በ1972 ደግሞ ከእሱም አሳንሰው፣ ሐዲዱ 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሰፋ፣ ልኬቱ 1 ለ220 የሆነ አወጡ። ጠባብ ቤት ላለው ሰው የታሰበ ነው፤ ለዓይንና ለጣት ግን ይከብዳል።

ከሁሉ ያስቆመኝ «አዞው» ነው። የጎትሃርድን ተራራ ጭነት እየጎተተ እንዲወጣ ከ1919 ጀምሮ የተሠራው የስዊዝ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ፊትና ኋላው ረዥም አፍንጫ አለው፤ ኩርባ ላይ በመካከሉ ይታጠፋል። ሞዴሉን በእጄ ለመያዝ ፈቀዱልኝ። ክብደቱ ያስደንቃል። ክብደቱ ለማማር የተጨመረ አይደለም፤ ቀላል ሎኮሞቲቭ ጎማው እየተንሸራተተ ፉርጎ መጎተት ስለማይችል ነው።

የድሮው አሠራር የሐዲዱን ኃይል ከፍና ዝቅ በማድረግ በላዩ ያሉትን ባቡሮች በሙሉ አንድ ላይ መንዳት ነበር። ዛሬ በየሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ የጥፍር ያህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይቀመጣል፤ የራሱ ቁጥር ስላለው አንዱ ሲቆም ሌላው ይሄዳል፣ መብራቱ ለብቻው ይበራል፣ ከትልቁ ባቡር የተቀረጸ ድምፅ ያሰማል። ደስ የሚል ነገር ነው። ቢሆንም እውነተኛው ጥበብ መሬቱ ላይ ነው ባይ ነኝ። ተራራው በሽቦ ወንፊት ላይ የተለሰነ ጀሶ ነው። ሣሩ በኤሌክትሪክ ኃይል ሙጫ ላይ እየተረጨ ቀጥ ብሎ የሚቆም የናይለን ቃጫ ነው፤ ከዚያ በፊት ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ይጠቀሙ ነበር። በሐዲዱ መካከል ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ከተስተካከለ በኋላ በውሃ የቀጠነ ነጭ ሙጫ በጠብታ ይፈስበታል፤ ሙጫው እንዲሰርግ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ይደረግበታል። የግራር ዛፍ ከደረቀ የእፅዋት ጭራሮ ይሠራል። ጀሶ፣ ሰጋቱራና ጭራሮ በአገራችን የማይታጡ ናቸው። ከውጭ መምጣት ያለበት ሐዲዱና ሞተሩ ነው።

የሞዴል ባቡር ሱቁ

ከሙዚየሙ ወጥቼ በከተማው ወደሚገኝ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የምፈልገውን ነገርኳቸው፦ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ሐዲድ፣ በ1 ለ87። ሳይጠይቁ ወደ አንድ መደርደሪያ ሄዱና 12 ሚሊ ሜትሩን አወጡ። የስዊዘርላንድ ተራራ ላይ የሚሄደው ሬቲሸ ባን አንድ ሜትር የሚሰፋ ሐዲድ ስላለው፣ የእሱ አፍቃሪዎች ሐዲዱንም ፉርጎውንም በዚህ መጠን ያገኙታል። የፈረንሳዮቹ ኩባንያ ለእኛ የዘረጋውም አንድ ሜትር ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመራችን ደግሞ መደበኛው 1435 ነው፤ ስለዚህ በዚያው ሱቅ በሚሸጠው 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ሁለቱም የኢትዮጵያ ባቡሮች ከአንድ መደርደሪያ ላይ መነሻ አላቸው።

ሰውዬው ግን አንድ ጥያቄ ያዙኝ። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው እንጨት ነው ወይስ ብረት? ሐዲዱን ከመሸጣቸው በፊት ይህን ማወቅ ፈለጉ። ድሬዳዋ ያለው አጎቴ ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር የጥገና ግቢ ስለሆነ እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ጀርመን አገር የባቡር ሱቅ ውስጥ ነኝ።»

«ባቡር ልትገዛ ነው?»

«ትንሿን። ከሐዲዱ ሥር የሚተኛው ምን ነበር?»

«ብረት ነዋ! እንጨት ምስጥ ይተውልሃል እንዴ? ልጄ፣ ይህን ታጣዋለህ?»

ተረጎምኩላቸው። ባለሱቁ ራሳቸውን ነቀነቁና የብረቱን ዓይነት ሊፈልጉ ወደ ጓዳ ገቡ። አጎቴ ምስል ላክልኝ ስላለኝ፣ አንድ የጭነት ባቡር ቁልቁለት ሲወርድ በስልኬ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና ጠየቀ፦ «ፍሬኑ የታለ? ይህን ሁሉ ፉርጎ ቁልቁል ማን ይዞት ነው?» ባለሱቁ ጥያቄው ሲተረጎምላቸው ፊታቸው በራ። አንድ ሎኮሞቲቭ ገልብጠው ሆዱን ከፈቱ። ከሞተሩ የሚወጣው ዘንግ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ጥርስ አለው፤ ያ ጥርስ ጎማውን ያዞራል፣ ጎማው ግን መልሶ እሱን ሊያዞረው አይችልም። ስለዚህ ፉርጎው ቢገፋም ሞተሩ ይይዘዋል። አጎቴ በስልኩ አጎንብሶ አየው። «ጎበዝ» አለ፣ «እኛ ይህ ቢኖረን ስንት ሌሊት በተኛን ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ በእኔ በኩል ማውራት ያዙ። መቀየሪያው በየት በኩል ይታጠፋል? ከተራራው ወደ ጅቡቲ በረሃ መውረጃው ምን ያህል ያዘነብላል? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ይህ ለ87 ቢካፈል እንኳ ከ26 ሜትር በላይ ነው፣ በየትኛውም ቤት ውስጥ አይገባም። የሞዴል ባቡር ሰዎች ከመቶ ሦስት የሚበልጥ ዳገት አይወዱም። ባለሱቁ ምክራቸው አጭር ነበር፦ መስመሩን ሁሉ አትመኝ፤ አንድ ጣቢያ ምረጥና በልኩ ሥራው።

የመረጥኩት የድሬዳዋን የጥገና ግቢ ነው። ከከዚራ በኩል ያለው መግቢያ፣ የጥገና ቤቶቹ፣ በሐዲዱ ላይ እንደቆሙ የቀሩት ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች እስካሉ ድረስ ልኬቱ ይገኛል። ልኬት ብቻውን ግን አይበቃም። የትኛው ሐዲድ ለጥገና፣ የትኛው ለመጠባበቂያ እንደነበር፣ ጠዋት የሚነሣው ባቡር ፉርጎዎቹን በየት በኩል ይሰበስብ እንደነበር የሚያውቁት ጡረተኞቹ ናቸው። ሥራው አሁን፣ እነሱ እያሉ መጀመር አለበት።

12 ሚሊ ሜትሩን ሐዲድ ከብረት አጋዳሚው ጋር ገዛሁ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አጎቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አስያዘኝና ሥራውን ከፋፈለው። የግቢውን ርዝመት በሜትር የሚለካው እሱ ነው፤ የሜትሩን ሌላ ጫፍ የሚይዝለት የቀድሞ ባልደረባው ነው። የመቀየሪያዎቹን ቦታ ከትዝታ ሥሎ ይልካል። እኔ ደግሞ ለ87 አካፍላለሁ።