ከዜሮ በታች የሆነ ብርሃን

አቃቂ በሰቃ፣ ከቤታችን ሳሎን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከኮምፒውተሬ ጋር ተፋጥጫለሁ። የመመረቂያ ሥራዬ የሴሚኮንዳክተር ሌዘርን ጠባይ በሒሳብ ማስላት ነው። የወጣልኝ የፎቶን ብዛት ግን ከዜሮ በታች ሆኖ አረፈው። እንዴ! ብርሃን ይኖራል፣ ወይም አይኖርም፤ የብርሃን ዕዳ ደግሞ ከየት መጣ?

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተሠራው ይህ ሌዘር ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ክሪስታል ነው። ኤሌክትሪክ ሲገባበት ኤሌክትሮኖች ይጠራቀማሉ፤ የሚያልፈው ፎቶን አንዱን ይነካና አምሳያውን ሌላ ፎቶን ያስወልዳል። የኤሌክትሮኑ አንድ፣ የፎቶኑ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት እኩልዮሽ ነው። እኔ የገባኝ ቃሊቲ ታክሲ ተራ ቆሜ ነው። ጠዋት ሕዝቡ ይጠራቀማል፤ ታክሲ የለም። ወሬው ሲሰማ ታክሲው ይግተለተላል፤ ሰልፉን ጠራርጎ ይወስድና የተረፈው ባዶውን ይቆማል። ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ሰልፉ እንደገና ይረዝማል። እንዲህ እንዲህ እያለ ይመጣጠናል። ሌዘሩም ሲበራ ብልጭ ድርግም እያለ ነው የሚረጋው፤ ያውም በጥቂት ናኖሴኮንድ፣ ማለትም በጥቂት የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ።

ይህ ቀልድ አይደለም። በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ የሚሄደው መልእክታችን በፋይበር ውስጥ የሚጓዘው በሌዘር ብልጭታ ነው። አንዱ ሳይረጋ ሌላው ከተከተለ አንድና ዜሮ ይደበላለቃሉ።

አንድ ጓደኛዬ በስልክ መከረኝ፤ «ዜሮ ላይ ቁረጠው፤ ማን ያያል?» ቆረጥኩት። ግራፉ አማረ፤ ቁርጥ መጽሐፉ ላይ ያለውን መሰለ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ።

እናቴ ነቅታ መጣች። ዕድሜዋን ያሳለፈችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነው።

«ምነው ልጄ፣ አትተኛም እንዴ?»

እንደሚሆን አድርጌ ነገርኳት።

«እኛም ዘንድ የተበጠሰ ክር ሳይቀጥሉ ፈረቃ የሚያስረክቡ ነበሩ» አለች። «ለጊዜው ማንም አያውቅባቸውም። ኋላ ግን ጨርቁ ላይ ይወጣል።»

ይህን ብላ ተመልሳ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያቺን መስመር ሰርዤ ከሥር ጀመርኩ። ለካስ ባስገባሁት ቁጥር መሠረት ፎቶን ክሪስታሉ ውስጥ የሚቆየው 2 ፒኮሴኮንድ፣ ማለትም 2 የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በ10 በ10 ፒኮሴኮንድ እየዘለልኩ ነበር የማሰላው። አንዱን እርምጃ ሳነሳ ፎቶኑ ዕድሜውን አምስት ጊዜ ይጨርሳል ማለት ነው! እርምጃዬን ወደ 0.1 ፒኮሴኮንድ አሳጠርኩት። ለ10 ናኖሴኮንድ 100,000 እርምጃ ሆነ። ኮምፒውተሩ አፍታም አልፈጀበት። የሰነፍኩት እኔ እንጂ እሱ አልነበረም።

አዲሱ ግራፍ ከዜሮ በታች አልወረደም። የመጀመሪያው ብልጭታ ግን ቁመቱም ሰዓቱም ካማረው ግራፍ የተለየ ነበር። ያንን አስረክቤ ቢሆን ኖሮ ማንም ላያውቅብኝ ይችል ነበር።

ሁለቱንም ግራፎች ጽሑፌ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ከተሳሳተው ሥር እንዴት እንደተሳሳትኩ ጻፍኩ። ውጤቴ ገና አልተነገረኝም። እናቴ ግን ጠዋት ቁርስ ስታቀርብ «ቀጠልከው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቀጠልኩት» አልኳት።