ማርስ ላይ የተገኘው ጀሶ

አንባቢ ሆይ፤ የማንቆርቆሪያህን ውስጥ ተመልክተህ ታውቃለህን? በጊዜ ብዛት የሚጋገርበት ነጭ ነገር ውኃው ሲፈላና ሲተን የጣለው ማዕድን ነው። የማርስን ነገር ለሚጠይቁኝ ወዳጆቼ ዘወትር የምጠቅሰው ይህንኑ ነው፤ በዚያ ውኃ እንደ ነበረ የሚነግረን ጥሎት የሄደው ማዕድን ነውና።

ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የአሜሪካ ተሽከርካሪ መሣሪያ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ማርስ ላይ ስታርፍ የታሰበላት የሥራ ዘመን 90 ቀን ነበር። እርስዋ ግን በ2011 ዓ.ም. ኢንዴቨር ከተባለው ሰፊ ጐድጓዳ ሥፍራ ዳር ደርሳ፣ ስፋቱ አውራ ጣት የሚያህል ነጭ መሥመር ከዐለት ስንጥቅ ውስጥ ተጋድሞ አገኘች። ሲመረመር ጂፕሰም ሆነ፤ ይኸውም ሐኪሞች የተሰበረ ክንድ የሚያስሩበት ጀሶ የሚሠራበት ድንጋይ ነው። ውኃ በስንጥቁ እየፈሰሰ የጣለው መሆኑ ነው።

ቀደም ብላ ጃሮሳይት የተባለ ማዕድን አግኝታ ነበር። እርሱም የውኃ ምስክር ነው፤ ዳሩ ግን የሚፈጠረው አሲድ በበዛበት ውኃ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ውኃ ለብዙ ፍጥረት አይመችም። ጂፕሰም ግን አሲዱ ለዘብ ባለ ውኃ ውስጥም ይፈጠራል። እኔ ከሁለቱ ጀሶውን የማስበልጠው ስለዚህ ነው።

ደግሞም፣ ይገርምህ ይሆናል፣ ከጂፕሰም ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ውኃ ነው። ጀሶ ሠሪዎች ድንጋዩን በእሳት የሚያቃጥሉት አብዛኛውን ውኃ ለማስወጣት ነው። ተሽከርካሪዋ በ2018 ዓ.ም. በአቧራ ማዕበል ተይዛ ድምፅዋ ጠፋ፤ ያ መሥመር ግን ውኃውን እንደ ያዘ ከዚያው ዐለት ውስጥ አለ።