በዓባይ ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ያለን ዕለት

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ሳያስበው ጨዋታውን ያቆማል። እስከዚያ ድረስ አገሩ የሰላሌ ሜዳ ነው፤ የእህሉ ክምር፣ የከብቱ መንጋ፣ በፈረስ ወደ ገበያ የሚሄደው ባላገር ዐይንን ያሳርፋል። ከከተማዪቱ ወጣ ሲሉ ግን ምድር በድንገት ያልቃል። ከማዶ የጎጃም አፋፍ በጭጋግ ውስጥ ይታያል፤ በመካከሉ ያለው የዓባይ በረሓ ነው። መንገዱ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገናም ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደጀን ይገባል።

በ2011 ዓ. ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ የያዝናት መኪና ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ስለሆነች፣ አስቀድመን ስለ እርስዋ ጥቂት እንናገራለን። አሮጌ የዕቃ መጫኛ መኪና ገዝተን፣ ለአናጢ ሰጥተን፣ ከኋላዋ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ የጋዝ ምድጃና 100 ሊትር የሚይዝ የውሃ በርሜል አሠርተንባት ነበር። ቤቷን በጀርባዋ አዝላ የምትዞር ስለሆነች ልጆቹ «ቀንድ አውጣ» ብለው ሰየሟት። አንድ ዕቃ በተጨመረባት ቁጥር ቤተ ሰቡ ሁሉ ይደሰት ነበር እንጂ ክብደቷ ስንት ደረሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የውሃው በርሜል ሲሞላ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። በኋላ ሚዛን ላይ ብናወጣት ከነሰዎቿ ወደ 3,500 ኪሎ ተጠግታ ተገኘች።

በውስጧ የነበርነው ባለቤታችን፣ ሁለት ልጆቻችን፣ እማማ የምንላቸው የባለቤታችን እናትና እኛ ነበርን። «እኛ» እያልን መጻፋችን የጽሑፍ ልማድ ነው፤ መሪውን የያዘው ግን አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ፣ ከዚህ በታች የምንናገረውን ጥፋት ከሌሎቹ ጋራ ልንካፈለው አንፈልግም።

ቁልቁለቱን የጀመርነው በአራተኛ ማርሽ ነው። መኪናዪቱ በራሷ ክብደት ስለምትወርድ ነዳጅ የቈጠብን መሰለን፤ ፍጥነቷ ሲያይል ፍሬን እንረግጣለን፣ እንለቃለን፣ እንደገና እንረግጣለን። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና በእግረኛ ፍጥነት ያዘግም ነበር። «ይህ ሰው እንቅልፍ ይዞታል» ብለን ቀድመነው አለፍን። ልጆቹ በመንገድ ዳር የተቀመጡትን ዝንጀሮዎች ይቈጥራሉ። የተራራው ግድግዳ እንደ ተነባበረ እንጀራ ንብርብር ነው፤ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ እታች ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። ይህን እያሳየን ስንናገር እማማ ከኋላ፦

«ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አሉ።

«የዚያ የጭነት መኪና ነው፣ እማማ» ብለን መለስን። የጭነት መኪናው ግን ከኋላችን ርቆ ቀርቶ ነበር።

ሦስት ወይም አራት ጠመዝማዛ እንዳለፍን የፍሬኑ መርገጫ ከእግራችን ሥር እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ። በሚቀጥለው ጠመዝማዛ ላይ እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ፤ መኪናዪቱ ግን እንዳልሰማች ሆና መንገዷን ቀጠለች። በአማርኛ «ፍሬን እምቢ አለ» ይባላል። ቋንቋውን በመማር ላይ ያለ አንባቢ ይህን አነጋገር ልብ ይበለው፤ ባለሥልጣን ትእዛዝ ሰጥቶ ሎሌው እንደማይታዘዝ ያለ ነገር ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ እምቢታው ግን ሙሉ በሙሉ አማርኛ ነው።

ለባለቤታችን በዝቅተኛ ድምፅ «ፍሬን የለንም፤ ልጆቹን ያዢ» አልናት። አልጮኸችም። ልጆቹንና እናቷን ከወንበሮቻችን ጀርባ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ በጠረጴዛው ላይ የነበረው ሁሉ ወደፊት ተንሸራቶ ወደቀ። እኛም መርገጫውን ደጋግመን ቶሎ ቶሎ ረገጥን፤ በሦስተኛው ላይ ጥቂት ያዘና ለቀቀ። በዚያች ጥቂት ፋታ ማርሹን ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ አወረድን፤ ሞተሩ አጓራ፣ ፍጥነታችንም ቀነሰ። ወደ ሁለተኛ ለማውረድ ግን ቸኩለን ቢሆን ኖሮ ማርሹ ሳይገባ ቀርቶ ያለ ምንም መያዣ በቀረን ነበር። የእጅ ፍሬኑ በዘይት ሳይሆን በሽቦ ገመድ የሚሠራ ስለሆነ እርሱ ገና ታማኝ ነበር። ጫፉ ላይ ያለውን ቊልፍ በአውራ ጣታችን ተጭነን እያላላንና እያጠበቅን በጥቂት በጥቂቱ ሳብነው፤ ባንድ ጊዜ ቢሳብ የኋላ ጎማዎች ተቈልፈው መኪናዋን ያዞሯታል። መብራት አበራን፤ ጡሩምባ ነፋን። ሞተሩን እናጥፋው የሚል ሐሳብ መጥቶብን ነበር፤ ያን ብናደርግ መሪው ከብዶ በእጃችን ድንጋይ ይሆን ነበር።

ሁለተኛ ማርሽ በገባ ጊዜ ከፊታችን በተራራው በኩል የመንገድ ሠራተኞች የከመሩት ጠጠር ታየን። የዓባይ በረሓ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጥገና አይለየውም። በሌላ ቀን ያማረርንበት ክምር ነው። የቀኝ ጎማዎቻችንን ወደ ቦዩ አስገብተን፣ ጎናችንን ከአፈሩ ግድግዳ ጋራ እያፋተግን ሄደን ክምሩ ውስጥ ገባን። ፓራውልቱ ተጣመመ፣ አንዱ መብራት ተሰበረ፣ የእማማ ጀበና ተሰባበረ። ሰው ግን አልተጎዳም። ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም፤ ከዚያ ታናሹ ልጅ «ደረስን?» ብሎ ጠየቀ።

ቀድመነው ያለፍነው የጭነት መኪና ደረሰ። ረዳቱ ከመቆሙ በፊት ዘሎ ወርዶ ለጎማችን ታኮ አደረገልን። ሹፌሩ ጠጕሩ የሸበተ ሰው ነው። ታላቁ ልጃችን ውሃ ቀድቶ በሚጨሱት ጎማዎች ላይ ሊያፈስ ሲል እጁን ያዘውና «ተው ልጄ፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል» አለው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፦

«ወንድሜ፣ በስንተኛ ማርሽ ነው የወረድከው?»

«በአራተኛ።»

«እኔ ይህን ዳገት ሽቅብ በምወጣበት ማርሽ ነው ቁልቁል የምወርደው» አለ፤ ሌላ ነቀፋ አልጨመረም።

የሆነውን ነገር በኋላ በሒሳብ አየነው። 3,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኀይል 100 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ዝቅተኛ ማርሽ ከዚህ ሙቀት ከፍ ያለውን ድርሻ ለሞተሩ ያካፍላል፤ እኛ ግን ሁሉንም ለፍሬኑ ሸራና ለዘይቱ አሸከምነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ በዓመታት ውስጥ ከአየር ርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከፈላም እንፋሎት ይሆናል፤ ዘይት ሲጨመቅ ይገፋል፣ እንፋሎት ሲጨመቅ ዝም ብሎ ይተኛል። ከጉዞው በፊት ሸራውን የቀየረልን መካኒክ ዘይቱንም ልቀይረው ብሎን ነበር። «ለሌላ ጊዜ ይሁን» ያልነው እኛ ነን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጎማዎቹ በረዱ፤ መርገጫውም እንደ ቀድሞው ጠንካራ ሆነ። ደስ ብሎን ልንነሣ ስንል ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «ሲበርድ ይመለሳል፤ ሲግል ደግሞ ይከዳሃል» አለ። የውሃውን በርሜል አስደፋን፤ እማማንና ልጆቹን በራሱ መኪና ጫነ፤ እኛም በአንደኛ ማርሽ በእርሱ ኋላ ተከትለን ወረድን። ከላይ በጋቢ የጀመርነው መንገድ ታች ሲደርስ በላብ ጨረሰን። በ2000 ዓ. ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተከፈተውን ባለ 303 ሜትር ድልድይ በእግረኛ ፍጥነት ተሻገርን፤ ከጎኑ ያለው አሮጌው ድልድይም እንዲህ በደንብ ታይቶን አያውቅም ነበር።

ደጀን ላይ መካኒኩ ዘይቱን ሲያፈስሰው እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወጣ። የጭነት መኪናው ሹፌር ግን ሻይ እንኳ ሳንጋብዘው፣ ጭነቴ ይዘገያል ብሎ ሄዷል።

ከስድስት ቀን በኋላ ስንመለስ እማማ ከኋላ አልቀመጥም ብለው ከፊት ተቀመጡ። ከደጀን ቁልቁል ስንጀምር «ስንተኛው ነው?» አሉ። «ሁለተኛ ነው፣ እማማ» አልናቸው። ከኋላችን አንዲት ሚኒባስ ጡሩምባ እየነፋች ቀድማን አለፈች። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ያን የጠጠር ክምር በዐይናችን ፈለግነው። ሠራተኞቹ በመንገዱ ላይ በትነውት፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ነበር።