የወደድነው ደራሲ ሲደክም

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ መጽሐፍን መውደድ ሰውን ከመውደድ እምብዛም አይለይም። ወዳጃችን ዘወትር እንደ ልባችን እንደማይሆን ሁሉ፣ የምንወደውም ደራሲ በየመጽሐፉ እኩል አይጽፍም። ታዲያ ደራሲው ሲደክም አንባቢው ምን ያድርግ?

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ከሁሉ አብልጬ የወደድኋቸው የፈረንሳዊው የአሌክሳንደር ዱማ ታሪካዊ ልብ ወለዶች ነበሩ። ያነበብናቸውም በእንግሊዝኛ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1844 የወጣው «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ዳርታኛን ከአቶስ፣ ከፖርቶስና ከአራሚስ ጋራ እንዴት እንደ ተወዳጀ ይተርካል። በ1845 የተከተለው «ከሃያ ዓመት በኋላ» ደግሞ አራቱ ወዳጆች በሁለት ወገን ተሰልፈው ሳለ ወዳጅነታቸውን እንዴት እንዳላፈረሱ ያሳያል። እኔም ታማኝነት የሚባለውን ነገር ከነዚህ መጻሕፍት ብዙ ተምሬአለሁ።

ሦስተኛው ከ1847 እስከ 1850 የታተመው «የብራዥሎን ቪኮንት» ነው። እጅግ ረጅም በመሆኑ በእንግሊዝኛ ተከፋፍሎ ይታተማል፤ ከክፍሎቹም አንዱ «ሉዊዝ ዴ ላ ቫሊየር» ይባላል። ይህን ክፍል በጉጉት ጀምሬ በቅሬታ ጨረስሁት። አራቱ ወዳጆች ለብዙ ምዕራፍ ይርቃሉ፤ በነርሱ ፋንታ የቤተ መንግሥት ሐሜት ገጹን ይሞላዋል። የአቶስ ልጅ ራውል ሉዊዝን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳታል፤ ነገር ግን ንጉሡ ሉዊ 14ኛ ይወዳታል፤ ራውልም ወደ እንግሊዝ አገር ይላካል። እርሱ በሌለበት ንጉሡና ሉዊዝ በስውር በተሠራ ደረጃ ይገናኛሉ። ደራሲው በዚህ ብልሃት እንድንስቅ ሲጋብዘን የተበደለውን ወጣት ይዘነጋዋል። ታማኝነትን ያስተማረኝ ሰው፣ የታማኝነትን መፍረስ እንደ ጨዋታ ሲያየው አዘንሁ።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ታሪኩ በጋዜጣ ተከታትሎ ይወጣ ነበር፤ ዱማም የሚከፈለው በመሥመር ልክ ነበር። ጽሑፍ በመሥመር ሲሸጥ ቃል ይበዛል፣ ቁም ነገር ይሳሳል።

በዚያን ጊዜ ሁለት ባልንጀሮች ነበሩኝ። አንደኛው «ደራሲው አለቀለት» ብሎ መጽሐፉን ዘጋ። ስለዚህ ፖርቶስ በቤል ኢል ደሴት ዋሻ ውስጥ አለት ተጭኖት ሲሞት፣ ዳርታኛንም የማርሻልነት በትሩን በተቀበለበት ቅጽበት ሲወድቅ ሳያነብ ቀረ። እነዚያ የመጨረሻ ምዕራፎች ግን ዱማ ከጻፋቸው ሁሉ የሚበልጡ ይመስሉኛል። ሁለተኛው ባልንጀራዬ በዱማ ላይ አንድ የነቀፋ ቃል መስማት አይፈልግም ነበር። ደካማውንም ብርቱውንም በአንድ ቃል ስላመሰገነ፣ ምስጋናው ዋጋ አጣ።

እኔ ድካሙን ድካም ብዬ ማንበቤን ቀጠልሁ። ልብ ወለዱ ያላጠገበኝን ከታሪክ መጽሐፍ ፈለግሁ። እውነተኛይቱ ሉዊዝ በ1674 ቤተ መንግሥቱን ትታ ፓሪስ በሚገኝ የቀርሜሎሳውያን ገዳም ገባች፤ በ1710 እስክትሞት ድረስም 36 ዓመት በዚያ ኖረች። ዱማ ይህን የመሰለ ልብ በእጁ ይዞ ሳለ ሐሜት አበዛብን።

እንግዲህ ወጣቶች፣ የምትወዱት ደራሲ ሲያሳዝናችሁ እንዳዘናችሁ በግልጥ ተናገሩ፤ የቱ ላይ እንደ ደከመም አመልክቱ። ነገር ግን ከዚህ ቀደም የሰጣችሁን አትካዱ፤ የሚቀረውንም ሳታዩ አትፍረዱ። ይህን በመጽሐፍ የለመደ ሰው በወዳጁም ላይ በችኮላ አይፈርድም።